የድር መተግበሪያ የግንባታ መሣሪያ

የግንባታ መሣሪያ፣ በፕሮግራመሮች ዘንድ ቢልድ ቱል የሚባለው፣ የተጻፈን ኮድ ሰርቨር ላይ ለመጫን ወደተዘጋጁ ፋይሎች የሚቀይር ሶፍትዌር ነው። ከቀደምቶቹ አንዱ የሆነውን ሜክን እ.ኤ.አ. በ1976 ስቱዋርት ፌልድማን በቤል ላብስ ሠራው። ለድር የተዘጋጁት ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ የመጡ ናቸው።

ሥራው

መሣሪያው በብዙ ፋይሎች የተከፋፈለን ጃቫስክሪፕት ያጣምራል፣ ለብራውዘር የማያስፈልጉ ክፍት ቦታዎችንና ማስታወሻዎችን ያስወግዳል፣ ታይፕስክሪፕትን ወደ ጃቫስክሪፕት ይለውጣል። ውጤቱ በአንድ ፎልደር ይቀመጣል፤ ገጹ ቋሚ ፋይሎችን ብቻ የያዘ ከሆነ ወደ ሰርቨር የሚላከው ይኸው ፎልደር ነው።

መቼ ያስፈልጋል

ሁሉም ድረ ገጽ መሣሪያውን አይፈልግም። ለምሳሌ በአዲስ አበባ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ጀሞ አካባቢ ላለ ዳቦ ቤት ዋጋና አድራሻ ብቻ የሚያሳይ ገጽ በኤችቲኤምኤልና በሲኤስኤስ ተጽፎ እንዳለ ሊጫን ይችላል። ዳቦ ቤቱ በገጹ ትዕዛዝ መቀበል ሲጀምርና ኮዱ ሲበዛ ግን መሣሪያው ይጠቅማል።

ምርጫ

እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ዌብፓክ ብዙ ነገር ይችላል፤ ሆኖም የማስተካከያ ፋይሉ ጀማሪን ያደናግራል። በ2017 የወጣው ፓርሰል ያለ ማስተካከያ ፋይል ሥራ ይጀምራል። በ2020 ኢቫን ዩ ያወጣው ቪት ደግሞ ዝግጁ መነሻ ኮድ ያቀርባል፤ በልምምድ ጊዜም ለውጥን ወዲያው ያሳያል። ብዙ የቆዩ ትምህርቶች የሚጠቀሙበት ክሪኤት ሪአክት አፕ በ2025 ለአዲስ ሥራ እንዳይመረጥ ስለተገለጸ የትምህርቱን ዓመት ማየት ይበጃል።

የዳታ ወጪም ከግምት ይገባል። መሣሪያዎቹ የሚያወርዷቸው ጥቅሎች ከባድ ሊሆኑ ይችላሉ። ፒኤንፒኤም የተባለው ጥቅል አውራጅ አንድ ጊዜ የወረደውን ለሌሎች ፕሮጀክቶችም ስለሚያውለው በሜጋባይት ለሚከፍል ተማሪ ይስማማል።

የግዕዝ ፊደል

በዩቲኤፍ-8 አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲይዝ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ «ዳቦ» የሚለው ቃል 6 ባይት ነው። መሣሪያው የኮዱን ስሞች ቢያሳጥርም የአማርኛውን ጽሑፍ አያሳጥርም። ስለዚህ በሰርቨሩ ላይ ጂዚፕን የመሰለ መጭመቂያ ማብራት ለአንባቢው ዳታ ይቆጥባል።

ጥንቃቄ

ወደ ብራውዘር የሚሄድ ኮድ ቢጠቀጠቅም ምስጢር አይሆንም፤ ማንም ከፍቶ ሊያነበው ይችላል። የዳቦ ቤቱ ገጽ በቴሌብር ክፍያ የሚቀበል ከሆነ የክፍያው ምስጢራዊ ቁልፍ በሰርቨሩ በኩል እንጂ በሚገነባው ፋይል ውስጥ መቀመጥ የለበትም።

ሌላው የጀማሪዎች ችግር ባዶ ገጽ ነው። በጊትሃብ ፔጅስ ላይ ገጹ በፕሮጀክቱ ስም ሥር ሲቀመጥ የመነሻ አድራሻው ካልተስተካከለ ብራውዘሩ ፋይሎቹን አያገኝም። ከመጫን በፊት የተገነባውን ፎልደር በራስ ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ መሞከር፣ ከተጫነ በኋላም በስልክ ማየት እንዲህ ያለውን ስህተት ደንበኛ ሳያየው ለማረም ይረዳል።