ጎርጎራ ላይ ጀልባ ለሚሳፈር

ጎንደር ተወልዶ አድጎ የፋሲልን ግንብ ለእንግዳ ያላስጎበኘ የለም። ጎርጎራ ወርዶ ጣና ላይ በጀልባ የዋለ ጎንደሬ ግን ስንቱ ነው? መንገዱ እኮ በአዘዞ፣ በቆላ ድባና በጯሂት አድርጎ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለሠርግና ለክርስትና ከዚህ የራቀ እንሄዳለን። የሄደውም ቢሆን ጀልባውን እንደ ታክሲ ነው የሚቆጥረው። ደብረ ሲና ማርያምን ይሳለማል፣ ማንዳባ መድኃኔዓለም ይደርሳል፣ ፎቶ ይነሣል፣ የተጠበሰ ቆሮሶ በልቶ ይመለሳል። ገዳማቱን ማሳነሴ አይደለም፤ የደብረ ሲናን ግድግዳ ሥዕል ሳያይ የተመለሰ ሰው ከተገኘ መልሼ እልከዋለሁ። እኔ ላስተዋውቅ የተነሣሁት ግን ከአንዱ ገዳም እስከ ሌላው ያለውን፣ ብዙው ተሳፋሪ አንገቱን ስልኩ ላይ ደፍቶ የሚያልፈውን የውኃ ላይ መንገድ ነው።

ስለ ጀልባው ብዙ የሚባል የለም። ሞተር አለው፣ ጣሪያ አለው፣ ነጂና አስጎብኚ አለው፤ የሕይወት አድን ጃኬትም አለው፣ ከመቀመጫው ሥር እንደተጣለ የሚቀር። ሐይቁም ትልቅ ነው፤ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍናል። የሚገርመው ስፋቱ ሳይሆን ጥልቀቱ ነው፤ እጅግ ጥልቅ በተባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልገዋለን።

መሳፈር በማለዳ ነው፤ ዘገየ ቢባል ከጠዋቱ አንድ ሰዓት። ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣል፣ ማዕበሉ ጀልባውን ይደበድባል፣ ወፉም ይሸሸጋል። ጠዋት ግን ውኃው ተኝቶ ስለሚቆይ የአንዲት ወፍ ጭንቅላት እንኳ ከሩቅ ይለያል። ሞተሩን አስጠፍታችሁ ጠብቁ። ጥቁርና ነጭ የሆነችው ትንሿ ዓሣ አጥማጅ ወፍ አየር ላይ ባለችበት እየተርገበገበች ትቆምና ድንገት በመንቁሯ ወደ ውኃው ትወረወራለች። ፔሊካኖች ተሰልፈው ዓሣውን ወደ አንድ ጥግ ይነዱና ሁሉም በአንድ ጊዜ አንገታቸውን ያጠልቃሉ። ነጭ ራስ ያለው የዓሣ ንስር ከገዳሙ ዛፍ ጫፍ ላይ ይጮኻል፤ ድምፁን አንዴ የሰማ አይረሳውም። ደሴቶቹ ላይ ትልልቅ ዛፍ የተረፈው መነኮሳቱ ስላላስቆረጡት ነው፤ ንስሩም ጎጆውን የሚሠራው እዚያው ነው። ድንጋይ ላይ ፀሐይ የሚሞቀውን አርጃኖ አይቶ «አዞ! አዞ!» የሚል ተሳፋሪ በየጀልባው አንድ አይጠፋም። ጣና ውስጥ አዞ የለም። አዞው ከጢስ አባይ ፏፏቴ በታች ነው፤ ፏፏቴውን ወጥቶ አይመጣም። ከኅዳር እስከ የካቲት ከሄዳችሁ ደግሞ ከአውሮፓ ብርድ የሸሹ ክሬኖች በሐይቁ ዳር ማሳዎች ላይ ቃርሚያ ሲለቅሙ ታገኛላችሁ። ረጃጅም እግር፣ ግራጫ ላባ ያላቸው ናቸው።

ስለ ጉማሬ ሁሉም ስለሚጠይቅ አጠር አድርጌ ልናገር። ጎርጎራ ላይ «ዛሬ ጉማሬ አሳያችኋለሁ» ብሎ የሚምልላችሁን አትመኑ፤ የዕድል ነገር ነው። የተሻለ ዕድል የሚፈልግ ባሕር ዳር ይሂድና አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አፍ ላይ በማለዳ ይሳፈር። ጉማሬ ያን ሁሉ ጊዜ ውኃ ውስጥ እየኖረ እንደ ዓሣ አይዋኝም፤ ወለሉን በእግሩ እየረገጠ ይሄዳል፣ ይዘላል፤ በየጥቂት ደቂቃው ለመተንፈስ ብቅ ይላል። ሥጋም ዓሣም አይፈልግም። ሌሊት ወጥቶ ሣር ሲግጥ ያድራል፤ የደንቢያ ገበሬ ማሳውን የሚጠብቀው ለዚህ ነው። አፉን በሰፊው ሲከፍት እንቅልፍ አይደለም የመጣበት፣ ዞር በሉ ማለቱ ነው። «ትንሽ ጠጋ በል» እያላችሁ ነጂውን አትገፋፉት። እናንተ ፎቶ ይዛችሁ ወደ ቤታችሁ ትሄዳላችሁ፤ የተቆጣው ጉማሬ ነገ የሚያገኘው ደንገል ታንኳ ላይ የተቀመጠውን ዓሣ አጥማጅ ነው። ታንኳውን የሚሠሩት ነገደ ወይጦዎች ድሮ ጉማሬ ያድኑ ነበር፤ ሥጋውን ትበላላችሁ ተብለው ሲገለሉ የኖሩት በእኛው በጎረቤቶቻቸው ነው። ዛሬ ታንኳቸውን ፎቶ የማያነሣ ጎብኚ የለም፤ ዋጋ ጠይቆ አንዲት ትንሽ ታንኳ የሚገዛቸው ግን ጥቂት ነው።

አሁን ሆዴን ወደሚበላኝ ነገር ልግባ።

አንድ ጊዜ ከጎርጎራ ተነሥተን ወደ ደሴቶቹ ስንሄድ ወጣቱ አስጎብኚያችን ብድግ አለና ውኃው ላይ የተሰመረ ረጅም ለስላሳ መስመር አሳየን። «ያ ይታያችኋል? አባይ ነው። ከጣና ጋር ሳይቀላቀል ሰንጥቆ ሲያልፍ ነው» አለ። ስልክ ሁሉ ወጣ። አንዲት እናት ልጃቸውን ብድግ አድርገው አሳዩት። እኔ ዝም ብዬ ወደ ኋላ፣ ወደ ነጂው ተጠጋሁ፤ ዕድሜያቸውን ውኃ ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ እውነት አባይ ነው?» አልኳቸው።

«የነፋስ መንገድ ነው ልጄ» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከፊታቸው ሳይነቅሉ። «አባይማ እዚህ ምን ሊሠራ ይመጣል?»

ልክ ናቸው። ግልገል አባይ ከግሽ አባይ ተነሥቶ ጣና የሚገባው በደቡብ ምዕራብ በኩል ነው፤ አባይ ከጣና የሚወጣው ባሕር ዳር ላይ ነው። እኛ የነበርነው ሰሜን ዳርቻ ነው። ቅርብ የሚባለው መግቢያው እንኳ ከእኛ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። መስመሩ በየሐይቁ የሚታይ ነገር ነው። ነፋስ በውኃ ላይ ሲነፍስ የላይኛው ውኃ በረጃጅሙ እየተጠቀለለ ይገለባበጣል፤ አረፋውና ብጥስጣሹ ቅጠል ጥቅልሎቹ በሚገናኙበት ላይ ይሰበሰብና መስመር ይሠራል።

አስጎብኚውን አልወቅሰውም። አባይ ጣናን ሰንጥቆ ያልፋል ሲባል ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም፤ እኔም አስተማሪ ነግሮኝ ነው ያደግሁት። ፈረንጁም አልዳነም። እ.ኤ.አ. ከ1625 እስከ 1634 አገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ጀሮኒሞ ሎቦ፣ አባይ የጣናን አንድ ጫፍ በኃይል እንደሚያቋርጥና ውኃውም መንገዱን ሁሉ ተለይቶ እንደሚታይ ጽፏል። አራት መቶ ዓመት ሙሉ ሲወራረስ የመጣ ወሬ ነው።

እስቲ ካርታውን አንሡ። ከግልገል አባይ መግቢያ እስከ ባሕር ዳር መውጫ ቀጥ ያለ መንገድ የለም፤ መሐል ላይ የዘጌ ልሳነ ምድር ገብቶ ቆሟል። ሳይቀላቀል የሚያልፈው ወንዝ እንግዲህ ዘጌን ዞሮ፣ አቅጣጫውን አስታውሶ፣ መውጫውን ፈልጎ ማግኘት አለበት። በዚያ ላይ ያቺ 14 ሜትር አለች። እንዲህ ሰፊ ሆኖ እንዲህ ያልጠለቀ ሐይቅ በየቀኑ በነፋስ ይታመሳል። ላይኛውና ታችኛው ውኃ የሚለያይበት ፋታ አያገኝም።

«በዓይኔ አይቻለሁ» የሚል ሰው አለ። አይቷል፣ አልዋሸም። በክረምት ግልገል አባይ አፈር ጠጥቶ ቀልቶ ይመጣል፤ ሐይቁ ውስጥ ሲገባም ቀዩ ውኃ ከሌላው ተለይቶ ለተወሰነ ርቀት ይታያል። ከዚያ ግን ጉልበቱ ይደክማል፤ የተሸከመውንም ይጥላል። የጣለው አፈር ተከምሮ መግቢያው ላይ ወደ ሐይቁ የገባ አዲስ መሬት ሠርቷል። ወንዙ ሰንጥቆ የሚያልፍ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ አፈር ባሕር ዳር ድረስ አብሮት በሄደ ነበር።

ቁጥር የሚያሳምነው ሰው ካለ ደግሞ፦ ጣና የያዘው ውኃ 28 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ነው። በዓመት ከሐይቁ እየፈሰሰ የሚወጣው 4 ቢሊዮን ገደማ ነው። በፀሐይ ተንኖ ወደ ሰማይ የሚሄደው ከዚህ ይበልጣል። እንግዲህ ከግሽ አባይ የተነሣች ጠብታ ጣና ከገባች በኋላ ካርቱም ከምትደርስ ይልቅ ደመና የመሆን ዕድሏ ይሰፋል። መውጫው ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የጨረጨራ ግድብ አለ፤ ውኃው የሚለቀቀው በበር ተመጥኖ ነው። እንደ ልቡ ሰንጥቆ የሚያልፍ ወንዝ በር አይከፈትለትም።

ሰው ወሬውን ለምን እንዲህ እንደሚወደው ይገባኛል። አባይ ከማንም ጋር ሳይቀላቀል ሲያልፍ ኩሩ ይመስላል። ለእኔ ግን የተቀላቀለው አባይ ይበልጥብኛል፣ እኛም አለንበትና። ለጥምቀት የፋሲልን መዋኛ የሚሞላው ቀሃ ወደ መገጭ ይገባል። አንገረብም ወደ መገጭ፤ መገጭ ወደ ጣና። ርብና ጉማራ በምሥራቅ በኩል ይገባሉ። ባሕር ዳር ድልድይ ላይ ቆመን አባይ ብለን የምናየው ውኃ ውስጥ የጎንደር የሐምሌ ዝናብ አለበት። ይህን አስቦ የሚፎክር ጎንደሬ እስካሁን አልገጠመኝም።

ዝናቡ ብቻ ቢሆን መልካም ነበር። ከከተማው በቦይ የሚወርደው ሁሉ የሚያርፈው እዚያው ነው፤ አንዴ ከገባም ቶሎ አይወጣም። ውኃው ሐይቁ ውስጥ ዓመታት ይቆያል። ለዚህ ነው ወሬው የሚያናድደኝ፤ ወንዙ ይዞት ይሄዳል ብሎ የሚያስብ ሰው የያዘውን ይጥላል። የላስቲክ ጠርሙስ ከጀልባ ሲወረወር በዓይኔ አይቻለሁ፤ ወርዋሪው ደግሞ «አባይ ይወስደዋል» ብሎ ይስቃል! የትም አይወስደውም ወንድሜ። ነፋስ ገፍቶ ጎርጎራ ዳር ያወጣልሃል።

ለዚህ ሁሉ ዋጋ የሚከፍሉት ደግሞ ጀልባው ላይ ሆናችሁ የማታዩዋቸው ናቸው። የባሕር ዳርና የጎርጎራ አጥማጆች ነጭ ዓሣ በሚሉት ወገን ውስጥ ሌላ የትም የማይገኙ 15 ያህል ዝርያዎች ጣና ውስጥ አሉ። ስምንቱ ሌላ ዓሣ አሳደው የሚበሉ ናቸው፤ ዘመዶቻቸው መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የሌላቸው ሆነው ሳለ ይህን መልመዳቸው የዓሣ አጥኚዎችን ከሩቅ አገር እያመጣ ነው። በርካቶቹ በክረምት ማብቂያ ላይ ለመራባት ወደ ወንዞቹ ይወጣሉ፤ ርብና ጉማራ፣ መገጭም ዋና መንገዳቸው ናቸው። መግቢያው ላይ በዚያ ወቅት መረብ የዘረጋ ሰው የሚያጠምደው የመጪዎቹን ዓመታት ዓሣ ነው። እምቦጭ የተባለው አረምም መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 በዚሁ በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፣ በመገጭ መግቢያ አካባቢ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ዩኔስኮ ጣናን በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ሲያሰፍረው አረሙ ዳርቻውን እየያዘ ነበር። ከጀልባ ላይ ሐምራዊ አበባው ያምራል፤ ሰው ሲያደንቀው ነጂው የሞተሩን ፕሮፔለር ከሥሩ ለማላቀቅ ጎንበስ ይላል። አስጎብኚያችሁ ስለ እምቦጭ ካልነገራችሁ ጠይቁት። ስለ አባይ ስንጠቃ ከነገራችሁ ደግሞ በጨዋ ደንብ «ዘጌንስ በየት በኩል ነው የሚያልፈው?» በሉት።

የቀረው የአሳፋሪና የተሳፋሪ ነገር ነው። ጃኬቱን ልበሱ፤ ዋና የሚችልም ይልበስ። ጀልባው እየሄደ አትቁሙ። ለወፍ ዳቦ አትወርውሩ። ነጂው «ነፋስ ሊነሣ ነው፣ እንመለስ» ካለ ክርክር የለም፤ የከፈላችሁት ለእሱ ዓይን ጭምር ነው። ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ የሚቆረጠው በሰው ሳይሆን በጀልባው ነው፤ ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት የት የት እንደምትደርሱ፣ በስንት ሰዓት እንደምትመለሱና ወፍ ለማየት ሞተር ጠፍቶ የሚቆምበት ጊዜም እንዳለ ተነጋግራችሁ ጨርሱ። ነዳጅ ተወዷልና ሰባት ስምንት ሆናችሁ ብትሄዱ ይቀላል። ትልቁን ስፒከር ተሸክሞ የሚመጣው ጓደኛችሁ ግን ሒሳቡን ሙሉ በሙሉ እችላለሁ ቢልም ጎንደር ይቅር።