አክሲዮን ከመግዛት በፊት ስለሚደረግ የማጣራት ሥራ የተሰጠ ማብራሪያ

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባሉ የገጠር ቀበሌዎች በቆሎውን ወይም በርበሬውን ሸጦ ጥቂት ገንዘብ ለቋጠረ ሰው ከሚቀርቡለት ግብዣዎች አንዱ አክሲዮን መግዛት ነው። ግብዣው በሚያውቀው ሰው በኩል ሲመጣ ገዢው ድርጅቱን ሳይሆን ጋባዡን አምኖ ሊከፍል ይችላል። ይህ ማብራሪያ ገንዘቡ ከእጅ ከመውጣቱ በፊት የሚደረገውን ማጣራት ይመለከታል።

በሌሎች አገሮች ገዢዎች የአክሲዮን ማጣሪያ በሚባል የኮምፒውተር መሣሪያ ይገለገላሉ። መስፈርቱን ሲያስገቡ መሣሪያው በሺህ ከሚቆጠሩ ኩባንያዎች መካከል የማያሟሉትን እንደ ወንፊት ይጥላል። በአገራችን የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ የተከፈተው ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲሆን በመጀመሪያ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነው። ዝርዝሩ አጭር በመሆኑ ማጣሪያው በእርሳስና በወረቀት ሊሠራ ይችላል።

የመጀመሪያው ወንፊት ሕጋዊነት ነው። በካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረት ለሕዝብ በይፋ የሚሸጥ አክሲዮን በኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን የተመዘገበ የደንበኛ ሳቢ መግለጫ ሊኖረው ይገባል። ሻጩ ይህን ሰነድ ማሳየት ካልቻለ ወደ ቁጥሩ መሄድ አያስፈልግም።

ሁለተኛው ወንፊት የአንድ አክሲዮን ትርፍ ነው። የድርጅቱ የተጣራ ዓመታዊ ትርፍ ለአክሲዮኖቹ ብዛት ይካፈላል። ለምሳሌ 2 ሚሊዮን አክሲዮኖች ያሉት ባንክ 500 ሚሊዮን ብር ቢያተርፍ ለእያንዳንዱ አክሲዮን 250 ብር ይደርሳል። አክሲዮኑ በ1,500 ብር ቢሸጥ ዋጋው የ6 ዓመት ትርፍ ነው ማለት ነው። በዚህ ስሌት የተለያዩ ድርጅቶችን ጎን ለጎን ማነጻጸር ይቻላል።

ብዙ ገዢ የሚሳሳተው ግን እዚህ ላይ ነው። ይኸው ባንክ በቀጣዩ ዓመት ሌላ 2 ሚሊዮን አክሲዮን ሸጦ ትርፉን ወደ 700 ሚሊዮን ብር ቢያሳድግ ማስታወቂያው «ትርፋችን በ40 በመቶ አደገ» ሊል ይችላል፤ ሐሰትም አይደለም። የአንድ አክሲዮን ድርሻ ግን ከ250 ወደ 175 ብር ወርዷል፤ በ1,500 ብር የገዛ ሰውም ከ8 ዓመት ተኩል በላይ ትርፍ ከፍሏል ማለት ነው። ይህ የሩቅ ምሳሌ አይደለም። ብሔራዊ ባንክ ባንኮች የተከፈለ ካፒታላቸውን እስከ ሰኔ 2018 ዓ.ም. 5 ቢሊዮን ብር እንዲያደርሱ በመደንገጉ በርካቶቹ አዲስ አክሲዮን ለመሸጥ ተገድደዋል። ስለዚህ ከትርፉ ጋር የአክሲዮኖቹ ብዛት ምን ያህል እንደጨመረ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የአንድ ዓመት ሪፖርት ብቻውን አይበቃም፤ ቢያንስ የ3 ዓመት ሪፖርት ይታይ። አሜሪካዊው ቤንጃሚን ግራሃም በመጽሐፉ ለጥንቁቅ ገዢ 20 ዓመት ያልተቋረጠ የትርፍ ድርሻ መስፈርት አድርጎ ነበር። ብዙዎቹ የግል ባንኮቻችን ዕድሜያቸው ይህን ስለማይፈቅድ የውጭ አገር መስፈርት እንዳለ ሊገለበጥ አይችልም። የውጭ ኦዲተሩ አስተያየትም ይነበብ።

ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. 100 ሚሊዮን አክሲዮኖችን እያንዳንዱን በ300 ብር ለሽያጭ ሲያቀርብ ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። ግዢው በቴሌብር የሚፈጸም በመሆኑ በገጠር ያለ ሰው ጭምር ከስልኩ መግዛት ይችል ነበር። በመጨረሻ 47,377 ገዢዎች 10.7 ሚሊዮን ያህል አክሲዮን ገዝተዋል። የገዢው ብዛትም ሆነ ማነስ ከወንፊቱ ውስጥ አይገባም፤ የግዢው ቀላልነትም እንዲሁ።

ቁጥር የማያሳየው አንድ ነገር አለ። አክሲዮን በተፈለገ ቀን ገዢ ላያገኝ ይችላል። ለክረምቱ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የተቀመጠ ገንዘብ ስለዚህ ከስሌቱ ውጭ መሆን አለበት። ክፍያ የሚፈጸመውም በደንበኛ ሳቢ መግለጫው ላይ በተገለጸው መንገድ ብቻ እንጂ በአገናኙ የግል ሒሳብ አይደለም፤ ደረሰኙም በገዢው ሙሉ ስም መቆረጡን አንብቦ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።