የሞተር ብስክሌት ካርቡራተርና የማርሚታ ሙቀት

እንደሚታወቀው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሞተር ብስክሌት ከደጋ ቆላ ይመላለሳል። የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ አካባቢ ከፍታ 2,000 ሜትርን ያልፋል፤ መተሐራ ግን ከ1,000 ሜትር በታች ነው። በደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ መካኒኩ ቤንዚኑን ይቀንሳል። በዚያው ልክ ቆላ ከወረድን ቤንዚኑ ለአየሩ አይበቃም፤ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል፣ ጉልበቱ ይደክማል።

ምስክሩ ካንዴላው ነው። ጥቂት ነድተን፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ፈትተን እናየዋለን። ቡናማ ከሆነ ደኅና ነው፤ ጥቀርሻ ከያዘ ቤንዚን በዝቷል፤ ከነጣ አንሷል። የአየር ማጣሪያው ሳይጸዳ ካርቡራተር መንካት ግን ከንቱ ድካም ነው። የማስተካከያውን ብሎን በሩብ ዙር ብቻ እናዞራለን። አንዳንዱ ብሎን ቤንዚን፣ አንዳንዱ አየር ስለሚቆጣጠር አቅጣጫው ይለያያል። ብሎኑ የሚገዛውም ሚኒሞውን ነው፤ በሙሉ ጋዝ ለሚመጣው ሙቀት ዋናው የቤንዚን ማሳለፊያ ቀዳዳ በሰፋ ይለወጣል።

ከሁሉ የሚያሳስበን አውድማው ነው። በጤፍ ጭድ ላይ የቆመ የጋለ ማርሚታ የማኅበሩን ክምር ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ ሞተሩ ርቆ በባዶ መሬት ይቁም፤ ማርሚታው ላይ የተጣበቀው ጭድም ከቀዘቀዘ በኋላ ይጠረግ።