መስመር መጫሪያን በእንጨት ቃጫ ላይ አግድም ስለ መጠቀም

የተማሪ ዴስክ ጥንካሬ የሚመዘነው በተመታበት ሚስማር ብዛት ሳይሆን፣ እግሩና አግዳሚው በሚገናኙበት መጋጠሚያ ትክክለኛነት ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ በተስፋፋ ጊዜ ቆቦና አካባቢዋ የውጊያ ቀጣና ሆነው፣ በዞኑ በርካታ ትምህርት ቤቶች ከነቁሳቁሳቸው ተጎድተዋል። እንዲህ ባለ አካባቢ የተሰበረን ዴስክ እዚያው በአካባቢው እጅ ለመጠገን መቻል የመማር ማስተማሩን ሥራ በቀጥታ የሚነካ ጉዳይ ነው። ጥገናው የሚሰምረው ወይም የሚበላሸው ደግሞ ገና መጋዝ ከመነሣቱ በፊት፣ መስመር በሚወጣበት ጊዜ ነው።

የመሣሪያው ጠባይ

በሙያው ማርኪንግ ጌጅ የሚባለው መስመር መጫሪያ ሦስት ዋና ክፍሎች አሉት። እነርሱም ዘንግ፣ በዘንጉ ላይ ተንሸራቶ በሽብልቅ ወይም በብሎን የሚጠብቀው ራስ፣ እንዲሁም በዘንጉ ጫፍ የተተከለው ሹል ብረት ናቸው። ራሱ የእንጨቱን ጠርዝ ተደግፎ ሲሄድ ሹሉ ከጠርዙ እኩል የራቀ መስመር ይጭራል። መስመሩ በቃጫው ርዝመት ሲወጣ ሥራው ቀላል ነው፤ አግድም ሲወጣ ግን ይቦጫጨቃል።

ምክንያቱን ለራያ ቆላ ተማሪ ለማስረዳት የማሽላ አገዳ ይበቃል። አገዳ በቁመቱ በጥፍርም ይሰነጠቃል፤ አግድም ግን ማጭድ ካላረፈበት ይላጣል እንጂ በንጽሕና አይቆረጥም። እንጨትም በቁመት የተደረደሩ ቃጫዎች ጥቅል በመሆኑ፣ ክብ ሹል በቁመት ሲሄድ በቃጫዎቹ መካከል ያልፋል፤ አግድም ሲሄድ ግን እያንዳንዱን ጎትቶ ይበጥሳል። ስለዚህ ለአግድም መስመር የሚያስፈልገው መርፌ ሳይሆን ስለት ነው።

አዘገጃጀትና አሠራር

ሀ. ሹሉ በደቃቅ ሞረድ ተሞርዶ እንደ ትንሽ ቢላዋ ስለት ይውጣለት። ከዘንጉ የሚወጣው ክፍል ከ2 ሚሊ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። የተሞረደው ገጽ ወደሚወገደው የእንጨት ክፍል ከዞረ፣ የሚቀረው ክፍል ጠርዝ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ለ. የስለቱ ግንባር ከራሱ ጥቂት ወደ ውጭ ያዘንብል። ይህ ሲሆን መሣሪያው በተገፋ ቁጥር ራሱ ወደ እንጨቱ ይሳባል፤ ወደ ውስጥ ካዘነበለ ግን ከጠርዙ ይለቃል።

ሐ. ራሱ የሚደገፈው በእንጨቱ ጫፍ ላይ ስለሆነ፣ ጫፉ አስቀድሞ በማዕዘን ተፈትሾ በመላጊያ ይስተካከል። ጫፉ ከተዛባ መስመሩም መዛባቱ አይቀርም።

መ. የመጀመሪያው ጭረት እጅግ ቀላል ይሁን፤ የሚቀጥሉት ሁለትና ሦስት ጭረቶች ያጠልቁታል። ከማዶው ጠርዝ ጥቂት ሲቀር ቆሞ ቀሪውን ከተቃራኒው ወገን መጨረስ የጠርዙን መሰንጠቅ ይከላከላል።

ሠ. በሚወገደው ወገን በመሮ ጠባብ ቦይ ከተከፈተ መጋዙ በዚያው ይመራል።

ይህ ስለታም መሣሪያ በቁመት ሲሄድ ቃጫውን ተከትሎ ከመስመር ሊወጣ ስለሚችል፣ ለቁመት መስመር ክቡ ሹል ያለው ሌላ መጫሪያ ተለይቶ ይቀመጥ።

የክፍል ልምምድ

መምህሩ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ የዋንዛ ቁራጭ ሰጥቶ፣ አንዱን አግድም መስመር በክብ ሹል፣ ሌላውን በስለታም ሹል እንዲያወጡና ሁለቱንም በመጋዝ እንዲቆርጡ ያድርግ። ተማሪዎቹ የሁለቱን ጠርዞች በጣታቸው ዳስሰው ልዩነቱን ራሳቸው ይደርሱበታል። ውጤት ሲሰጥም የተጠናቀቀው ዕቃ መልክ ብቻ ሳይሆን የመስመሩ ንጽሕና ጭምር ይመዘን።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ትምህርትን ከተግባርና ከችግር ፈቺነት ጋር የማስተሳሰርን አስፈላጊነት አመልክቷል። ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ ሁልጊዜ ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። መስመር መጫሪያ ከወይራ ቁራጭ፣ ከአንድ ጠንካራ ሚስማርና ከሽብልቅ በትምህርት ቤቱ ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ የዕቅድ አውጪው ድርሻ ደቃቅ ሞረድና የመሞረጃ ጊዜ በመርሐ ግብሩ ውስጥ እንዲያዝ ማድረግ ነው። ስለት ለማውጣት ጊዜ ያልተመደበለት የእንጨት ሥራ ክፍል፣ መሣሪያው ቢሟላለትም እንኳ፣ የሚወዛወዝ ዴስክ ማውጣቱን ይቀጥላል።