አንድ የክረምት ወር ለፈረንሳይኛ ምን ይጨምራል?

ፈረንሳይኛ ለመማር የክረምቱን አንድ ወር በፈረንሳይ ማሳለፍ ወጪውን ያህል ይጠቅማል ወይ? በ1964 እ.ኤ.አ. በቪሺ ከተማ የተቋቋመውን ካቪላምን የመሰሉ የቋንቋ ማዕከላት አሉ። በሳምንት 20 ሰዓት የሚማር ሰው በአራት ሳምንት የሚያገኘው 80 ሰዓት ነው። ይህ ቋንቋን ከመሠረቱ ለመገንባት አይበቃም፤ ጆሮን ለመግራት ግን ብዙ ነው።

ምክንያቱም የፈረንሳይኛ ጽሕፈትና ንግግር የተራራቁ ናቸው። ከመጽሐፍ «ዠ ነ ሴ ፓ» ብለን የተማርነው፣ «አላውቅም» ማለት ነው፣ በመንገድ ላይ «ሼፓ» ሆኖ ይሰማል። «ሌ» እና «አሚ» ሲገናኙ ደግሞ ሳይነበብ የኖረው ፊደል ድምፅ አውጥቶ «ሌዛሚ»፣ ማለትም «ወዳጆቹ»፣ ይሆናል። ሕጉን በደብተር ላይ ማስፈር ይቻላል፤ በንግግር ፍጥነት ለይቶ መስማት ግን በገበያ፣ በአውቶቡስና በማዕድ ዙሪያ የሚለመድ ነው።

ስለዚህ ተማሪዎቼን የምመክረው እንዲህ ነው፦ ሰዋስዉን እዚህ አጥንታችሁ ሂዱ፤ እዚያም ቤተሰብ ዘንድ ማረፍን ምረጡ። በክረምት ትምህርት አብረዋችሁ የሚቀመጡት እንደ እናንተው እንግዶች በመሆናቸው፣ ከክፍል ሲወጡ ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ይቀናቸዋል። ወሩ የሚያተርፈው ስንቅ ይዞ ለሄደ ነው።