ደመወዝ የሚከፈለው ለሙያው ነው ወይስ ለአድራሻው?

ማኪያቶ መርካቶ አንድ ዋጋ አለው፣ ቦሌ ደግሞ ሌላ። ቡናው ያው ቡና፣ ወተቱም ያው ወተት ነው፤ ዋጋውን የሚለውጠው ቦታው ነው። በዚህ ማንም አይገረምም። ወደ ሰው ደመወዝ ስንመጣ ግን አስተሳሰባችን ይለወጣል፤ «ሙያው ይኑር እንጂ ክፍያው ይከተላል» እንላለን። ልጅዎ፣ ታናሽ እህትዎ ወይም እርስዎ ራስዎ በሶፍትዌር ሙያ ውስጥ ካሉ ይህ አባባል ግማሽ እውነት መሆኑን ቶሎ ይደርሱበታል። በአንድ ቡድን ውስጥ አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ሁለት ባለሙያዎች የሚኖሩበት አገር ስለተለያየ ብቻ እጅግ የተራራቀ ደመወዝ ሊያገኙ ይችላሉ።

ይህ ለምን እንደሚሆን መረዳት የሩቅ ጉዳይ አይደለም። የሥራ ውል እጅዎ ላይ በገባ ቀን ምን ብለው መጠየቅ እንዳለብዎት ያሳይዎታል።

ዋጋውን የሚወስነው ፉክክር ነው

የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ እ.ኤ.አ. ለግንቦት 2024 ባወጣው መረጃ መሠረት የአንድ ሶፍትዌር ዴቨሎፐር የዓመት ደመወዝ መካከለኛው 133,080 ዶላር ነበር። ግማሾቹ ከዚህ በላይ፣ ግማሾቹ ከዚህ በታች ያገኛሉ ማለት ነው። ካሊፎርኒያና ዋሽንግተን ስቴት ከዚህ መካከለኛ ከፍ ብለው ይገኛሉ። ምክንያቱን ለማወቅ ካርታውን መመልከት ይበቃል። ጉግል፣ አፕልና ሜታ ዋና መሥሪያ ቤታቸው ሲሊከን ቫሊ ውስጥ ጎን ለጎን ነው። አማዞን ሲያትል፣ ማይክሮሶፍት ደግሞ እዚያው አቅራቢያ ሬድመንድ ይገኛል። አንዱ ጋ ያልተመቸው ባለሙያ ቤቱን ሳይለቅ ሌላው ጋ ሊቀጠር ይችላል።

ብዙ ሰው የዚያ አካባቢ ደመወዝ ከፍ ያለው የኑሮ ውድነቱን ለማካካስ ብቻ ይመስለዋል። የቤት ኪራዩ በእርግጥ ውድ ነው። ነገር ግን ኩባንያ ለተከራይ አዝኖ ደመወዝ አይጨምርም፤ የሚጨምረው ሠራተኛው እንዳይወሰድበት ነው። ለዚህ ጥሩ ማሳያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር አፕልና ጉግልን ጨምሮ ስድስት ኩባንያዎችን «አንዳችን የሌላውን ሠራተኛ ደውለን አናግባባ» የሚል ስምምነት ነበራችሁ ብሎ ከሰሰ፤ ኩባንያዎቹም ድርጊቱን ለማቆም ተስማሙ። ቀጥሎ ወደ 64,000 የሚጠጉ ሠራተኞችን የወከለ ክስ መጣ። አቤቱታው ስምምነቱ ደመወዛችንን ዝቅ አድርጎ ይዞታል የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 አፕል፣ ጉግል፣ ኢንቴልና አዶቢ 415 ሚሊዮን ዶላር የሚከፍሉበት ዕርቅ በፍርድ ቤት ጸደቀ። ቀጣሪ ሲበዛና ሲፎካከር ደመወዝ ይወጣል፤ ፉክክሩ ሲቆም ይቆማል።

ሠራተኛው ከተማ ሲቀይር

የኮሮና ወረርሽኝ ሰውን ሁሉ ቤቱ ባስቀመጠ ጊዜ ጥያቄው ፊት ለፊት መጣ። ከሳን ፍራንሲስኮ ወጥቶ ርካሽ ከተማ ለገባ ባለሙያ ስንት ይከፈለው? ኩባንያዎች አንድ መልስ አልሰጡም። የፌስቡኩ ማርክ ዙከርበርግ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020 ደመወዝ እንደሚኖሩበት ቦታ እንደሚስተካከል ለሠራተኞቹ አሳወቀ። ስትራይፕ የተባለው የክፍያ ኩባንያ ከውድ ከተሞች ለሚወጡ ሠራተኞች የአንድ ጊዜ 20,000 ዶላር ሰጥቶ ደመወዛቸውን እስከ 10 በመቶ ለመቀነስ ሐሳብ አቀረበ። ሬዲት በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 በአሜሪካ ውስጥ የቦታ ልዩነትን አንሥቶ ክፍያውን በውድ ከተሞቹ ደረጃ አደረገ። ኤርቢኤንቢም እ.ኤ.አ. በ2022 በአንድ አገር ውስጥ የትም ቢኖሩ ደመወዝ እንደማይቀንስ አስታወቀ።

በእኔ ሙያ፣ በማርኬቲንግ፣ ይህን ገበያን ከፋፍሎ ዋጋ ማውጣት እንለዋለን። አንድ ዕቃ በየገበያው የተለያየ ዋጋ ይወጣለታል። እዚህ ግን ሻጩ ሠራተኛው፣ ገዢው ኩባንያው ነው። ልብ ይበሉ፦ ለጋስ የሆኑት ኩባንያዎች እንኳ ያነሡት በአንድ አገር ውስጥ ያለውን ልዩነት ነው። በአገርና በአገር መካከል ያለው ልዩነት በአብዛኛው እንደቆመ ነው።

ኩባንያዎች ወዴት ይሄዳሉ?

«ርካሽ ወደሆነበት» ብሎ መመለስ ቀላል ነው፤ ግን አይበቃም። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ እ.ኤ.አ. በ1985 ሕንድ ባንጋሎር ውስጥ የዲዛይን ማዕከል ሲከፍት ያገኘው ርካሽ ጉልበት ብቻ ሳይሆን እንግሊዝኛ የሚችሉ የተማሩ መሐንዲሶችንም ነው። ሌሎች ኩባንያዎች ተከተሉ። በተከተሉ ቁጥርም እነሱም ለአንድ ሰው መፎካከር ጀመሩ። ዛሬ ባንጋሎር ውስጥ ጥሩ ባለሙያ በጥቂት ገንዘብ ይገኛል ብሎ የሚሄድ ቀጣሪ ይቸገራል።

አንዳንዴ ደግሞ ኩባንያ ሰውን ተከትሎ ይሄዳል። ክሪስ ፒንክሃም የተባለ የአማዞን መሐንዲስ ወደ ትውልድ አገሩ ደቡብ አፍሪካ መመለስ ሲፈልግ አማዞን ከሚያጣው ብሎ ኬፕታውን ላይ ቢሮ ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ2006 ገበያ ላይ የዋለውና ዛሬ የአማዞን ትልቅ የገቢ ምንጭ ከሆነው የክላውድ አገልግሎት መሠረቶች አንዱ፣ ኢሲ2 የሚባለው፣ የተሠራው እዚያ ነው። ማይክሮሶፍትም እ.ኤ.አ. በ2019 የአፍሪካ ማዕከሉን ናይሮቢና ሌጎስ ላይ ከፍቷል።

በእኛ አገርም ጅምሮች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው ገበያ ባለሙያን ከቀጣሪ ያገናኛል። ኤቱኤስቪ የተባለው ድርጅት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለዓለም አቀፍ ኩባንያዎች ፈተና ያዘጋጃል። መንግሥትም «5 ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለውን ሥልጠና በ2016 ዓ.ም. አስጀምሯል። ከባንጋሎር የምንማረው ግን አንድ ነገር አለ። አዲስ ገበያ ውስጥ የሚመጣው የመጀመሪያ ዋጋ ዝቅተኛ ነው፤ የሚያድገው ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀጣሪ ሲመጣ ነው።

ወደ እኛ ቤት ስንመጣ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዶላር የሚከፈለው ወጣት አንድ መስመር ኮድ ሳይጨምር በብር ሲቆጠር ገቢው እጥፍ ሊሆን ደረሰ። ብዙ ወላጆች ያን ጊዜ ነው «የውጭ ሥራ» የሚለውን ቃል በቁም ነገር መስማት የጀመሩት።

የእኔም ታናሽ ወንድም ቤቱ ሆኖ ለውጭ ኩባንያ ይሠራል። ስለ ክፍያው ሲነግረን ሁላችንም ተደሰትን። እናታችን ግን ጥቂት ዝም ብላ «ጡረታስ?» አለችው። መልስ አልነበረውም። የሚሠራው በቋሚነት ሳይሆን በውል ነው።

ጥያቄዋ ስንት ብር እንደሚያወጣ እናስላ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ በመጀመሪያው ዓመት አገልግሎቱ 16 የሥራ ቀን ከነክፍያው ያርፋል። የምትወልድ እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ታገኛለች። ለግል ድርጅት ሠራተኛ ጡረታ አሠሪው የደመወዙን 11 በመቶ ያዋጣል። ለምሳሌ አንዱ በቋሚነት 80,000 ብር፣ ሌላው በውል 100,000 ብር በወር ቀረበላቸው እንበል። ለቋሚው አሠሪው በወር 8,800 ብር ጡረታ ሲጨምርለት 88,800 ይሆናል። የውሉ ሠራተኛ ያንኑ 16 ቀን ያለ ክፍያ ቢያርፍ፣ ወሩን በ22 የሥራ ቀን ብናሰላው በዓመት ወደ 73,000 ብር፣ በወር 6,000 ብር ገደማ ይቀንስበታል። 94,000 ቀረው። የ20,000 ብሩ ልዩነት ወደ 5,000 ወረደ። ግብር፣ ሕክምናና የላፕቶፕ ብልሽት ገና አልተነሡም።

ይህ የውጭ ሥራ አይጠቅምም ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ከዚህም በላይ ይጠቅማል። ግን ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት የቤተሰብ ሥራ ነው።

ከመፈረም በፊት

የሥራ ጥያቄ ለቤትዎ ሲመጣ እነዚህን ይጠይቁ።

ክፍያው የተሰላው በየትኛው ገበያ ነው? ኮሎራዶ እ.ኤ.አ. ከ2021፣ ካሊፎርኒያና ዋሽንግተን ስቴት ከ2023 ጀምሮ በሥራ ማስታወቂያ ላይ የደመወዝ መጠኑ ከዚህ እስከዚህ ተብሎ እንዲጻፍ በሕግ ያስገድዳሉ። ስለዚህ ያው ኩባንያ ለዚያው ሥራ እዚያ ስንት እንደሚከፍል አዲስ አበባ ሆነው ማየት ይችላሉ። ያንን ሙሉውን ባያገኙም፣ ድርድሩ ከየት እንደሚጀምር ያውቃሉ።

ክፍያው በምን ገንዘብ፣ በምን መንገድና በየስንት ጊዜው ይገባል? ግብሩን ማን ይቆርጣል ወይም ያስታውቃል? ውሉ በስንት ቀን ማስጠንቀቂያ ይቋረጣል? ፈቃድና ሕመም ሲመጣ ምን ይሆናል? የሥራ ሰዓቱስ በማን ሰዓት ነው? የሲያትል ማለዳ የእኛ ምሽት ነው፤ የእራት ሰዓትና የልጆች የመኝታ ሰዓት የሚከፍሉት ዋጋም ይቆጠራል።

በመጨረሻም፣ የተሰጠው ቁጥር ዝቅ ያለ ከሆነ ልጅዎ ችሎታው አነስተኛ ነው ብሎ እንዲያምን አይተዉት። ቁጥሩ የሚናገረው አካባቢው ስንት ቀጣሪ እንዳለው ነው። ሁለተኛ ቀጣሪ እንዲያፈላልግ ያበረታቱት፤ በሲሊከን ቫሊም ቢሆን ደመወዝን ከፍ ያደረገው ይኸው ነው።