ባትሪው ሲሞት ካምቢዮው ለምን ይቆለፋል?

አንዲት አውቶማቲክ ቪትዝ ቁልቁለት ላይ የጎረቤት በር ዘግታ አድራለች እንበል። ጠዋት ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው «ጠቅ» ብሎ ዝም ይላል። ሦስት ሰዎች ሊገፉ ከኋላ ቆመዋል፤ ባለቤቷ ፍሬን ረግጦ ካምቢዮውን ከፒ ወደ ኤን፣ ማለትም ወደ ዜሮ ማርሽ፣ ሊያመጣው ይታገላል። ንቅንቅ አይልም። «ተበላሽቷል» ይላል አንዱ። አልተበላሸም፤ የተሠራለትን ሥራ እየሠራ ነው።

መኪናዋን የያዟት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ካምቢዮው ሆድ ውስጥ ያለ የብረት ጥርስ ነው። ፒ ላይ ሲገባ ጎማዎቹን ከሚያዞረው ክፍል ጋር ተሰክቶ ይቆልፋቸዋል። ይህ ጥርስ ባትሪ ኖረ አልኖረ ግድ የለውም። ሁለተኛው ከማርሽ ዘንጉ ሥር ያለች መቀርቀሪያ ናት። ፍሬን ሲረገጥ ምልክት ይደርሳትና ትንሽ ኤሌክትሪክ ማግኔት ትከፍታታለች። ማግኔቷ የምትሠራው በ12 ቮልት ነው፤ ባትሪው ከሞተ ፍሬኑ ቢረገጥ ባይረገጥ ለውጥ የለም።

ይህ መቀርቀሪያ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ አውዲ 5000 «በራሷ ተፈተለከች» የሚል ስሞታ በረከተ። በ1989 የመንግሥት ጥናት ሾፌሮቹ በአብዛኛው ፍሬን የረገጡ መስሏቸው ነዳጅ እንደረገጡ ደመደመ። አውዲ ግን ጥናቱ ከመውጣቱ በፊት ፍሬን ካልተረገጠ ከፒ የማይወጣ ካምቢዮ መግጠም ጀምሮ ነበር። ኋላ በአሜሪካ ሕግ ሆኖ ከሴፕቴምበር 2010 ጀምሮ ለሚመረቱ አውቶማቲክ መኪኖች ግዴታ ተደረገ።

መሐንዲሶቹ ግን መውጫ ትተዋል። ብዙ መኪና ላይ ካምቢዮው አጠገብ «ሺፍት ሎክ» የተጻፈበት ቁልፍ ወይም ትንሽ ክዳን አለ። ክዳኑን ፈልቅቆ ቀዳዳው ውስጥ ቀጭን ካቻቢቴ ሲጫኑበት፣ ማግኔቷ ማድረግ ያቃታትን እጅ ያደርገዋል። ያን ጊዜ ፍሬኑን ረግጦ ወደ ኤን መሳብ ነው። ቁልቁለት ላይ ጥርሱ የመኪናዋን ክብደት ስለተሸከመ ዘንጉ ሊከብድ ይችላል፤ ሽቅብ ትንሽ ሲገፏት ይላላል።

ማኑዋል ካምቢዮ ይህ ጣጣ የለበትም፤ ተገፍቶም ይነሳል። አውቶማቲክን ገፍቶ ማስነሳት ግን በአብዛኛው አይሆንም፤ ዘይቱን የሚገፋውን ፓምፕ የሚያዞረው ራሱ ሞተሩ ስለሆነ፣ ሞተሩ ሳይነሳ ጎማውን ከሞተሩ የሚያያይዝ ግፊት አይኖርም። እንደ ፕሪየስ ያሉት ደግሞ ወደ ፒ የሚገቡትና ከፒ የሚወጡት በኤሌክትሪክ ስለሆነ በካቻቢቴ የሚነካ ቀዳዳ የላቸውም፤ ከሌላ ባትሪ በኬብል ኃይል መስጠት ይሻላል።

ዋናው አደጋ የሚመጣው መቀርቀሪያው ሲከፈት ነው። ጥርሱ ሲወጣ ቁልቁለት ላይ የሚይዛት የእጅ ፍሬንና ጎማ ሥር የገባ ድንጋይ ብቻ ነው። ሞተሩ ስላልተነሳ ፍሬኑ አንድ ሁለት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ይደነድናል፤ መሪውም ይከብዳል። ስለዚህ ድንጋዩ ይቅደም፣ የእጅ ፍሬኑ ይከተል፤ ካቻቢቴው ከዚያ በኋላ ነው። መሪው ላይ ሰው ሳይቀመጥ «ግፉ!» የሚል ሰው ካለ፣ ከመኪናዋ ፊት ዞር በሉ።